ዛፉን ከመክሰሳችን በፊት

ዓምና በዚሁ ግቢ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወቀጥን፣ በውሃ ዘፈዘፍን፣ አጠለልን፤ ከዚያም ጭማቂውን በማጣሪያ ወረቀት ላይ በበተንነው የጤፍ ዘር ላይ አፈሰስነው። በሌላው የመስታወት ሳሕን ላይ ላለው ዘር ንጹሕ ውሃ ብቻ ሰጠነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ብንመለከት ንጹሕ ውሃ ያገኘው ጤፍ እንደ አረንጓዴ ጸጉር በቅሎ ተገኘ። ጭማቂውን የጠጣው ግን ጥቂቱ ብቻ ነበር የነቃ፤ እርሱም ሥሩ አጥሮ፣ ጫፉ ጠቁሮ ነበር። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በጽሑፋችንም መጨረሻ «ስለዚህ ባሕር ዛፍ የእርሻ ጠንቅ ስለሆነ ከማሳ ዳር ሁሉ ሊነቀል ይገባዋል» ብለን ደመደምን። መልካም ማርክም አገኘንበት።

ዛሬ ይህችን አጭር ጽሑፍ የማቀርበው ያን ድምዳሜ በገዛ እጄ ለመሻር ነው። ውጤቱ ሐሰት ስለ ነበረ አይደለም፤ ዘሩ በእርግጥ አልበቀለም። የተሳሳትነው ከሳሕኑ ወደ ማሳው በአንድ ዝላይ መሻገራችን ላይ ነው። ይህን ዝላይ የምንዘልለውም እኛ ሦስታችን ብቻ አይደለንም።

በመጀመሪያ ግን የዕፀዋትን ትምህርት ላልተከታተሉ ወንድሞችና እኅቶች ነገሩን ላብራራ። ዕፀዋት ከጎረቤታቸው ሊሸሹ ወይም ጎረቤታቸውን በጉልበት ሊያባርሩ አይችሉም። ስለዚህ ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚዋጉት በኬሚካል ነው። ከቅጠላቸው በዝናብ እየታጠበ፣ ከሥራቸው እየመነጨ፣ ወይም የረገፈው ቅጠል ሲበሰብስ ወደ አፈር የሚገባው ቅመም የጎረቤትን ዘርና ቡቃያ ያዳክማል። የኦስትርያው የዕፀዋት ሊቅ ሃንስ ሞሊሽ ይህን ነገር በ1937 «አሌሎፓቲ» ብሎ ሰየመው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው እርስ በርስ መጎዳዳት እንደ ማለት ነው።

ቅመሙ ጎረቤትን የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። የአሜሪካው ጥቁር ዋልነት የሚባለው ዛፍ ጁግሎን በሚሉት ቅመሙ የጎረቤቱን ትንፋሽ ያውካል፤ ማሽላም ከሥሩ በሚለቀው ዘይት መሰል ነገር የትንንሽ አረሞችን ምግብ የመሥራት ኀይል ይቀንሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የዕድገት ሆርሞንን የሚያዛባው ነው። ሆርሞን ማለት ተክሉ እጅግ በጥቂቱ እየሠራ ከአንዱ የአካሉ ክፍል ወደ ሌላው የሚልከው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ከተዛባ ውሃውም አፈሩም ፀሐዩም እያለ ተክሉ ማደግ ያቅተዋል።

እናቶቻችን ብቅል ሲያበቅሉ የሚሆነውን እናስታውስ። ገብሱ ርሶ በጎመን ወይም በቅጠል ተሸፍኖ ሲያድር በዘሩ ውስጥ ያለው ሽል ጂበሪሊን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ይህም ሆርሞን ከዘሩ ልባስ ሥር ያለውን ስስ ሽፋን «ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ኤንዛይም ሥራ» ብሎ ያዘዋል። ብቅል ሲቀምሱት የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው። አብሲሲክ አሲድ የሚባለው ሌላው ሆርሞን ደግሞ በተቃራኒው «ጊዜው ገና ነው፤ ተኛ» ይላል። ዘር የሚነቃው የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሲያሸንፍ ነው። እንግዲህ በብዙ ቅጠሎች ውስጥ የሚገኘው ታኒን የጂበሪሊንን ሥራ እንደሚቃወም በላቦራቶር ታይቷል። ሌሎችም ቅመሞች የአብሲሲክ አሲድን መጠን ከፍ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለ ቅመም የደረሰበት ዘር አይሞትም ይሆናል፤ ነገር ግን የመንቃት ትእዛዝ ሳይደርሰው ይቀራል።

ዘሩ ከነቃ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን ከቡቃያው ጫፍ እየተነሣ ወደ ታች ይወርዳል፤ የግንዱን መርዘምና የሥሩን መብዛት የሚወስነው እርሱ ነው። ከብስባሽ ቅጠል ከሚወጡት ፌኖሎች መካከል ኩማሪክ አሲድ የሚባለው ይህን ኦክሲን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ያበረታታል። ካፌይክ አሲድ ደግሞ ግልባጩን ይሠራል፤ ኦክሲኑ እንዳይፈርስ ይከላከላል። አንዱ ትእዛዙን ሲያሳንስ ሌላው ያበዛዋል፤ በሁለቱም መንገድ ዕድገት ይዛባል። በቆሎ የሚሠራው አንድ ቅመምም ኦክሲኑ ከሚቀበለው ፕሮቲን ጋር በደንብ እንዳይገናኝ ሊያውክ እንደሚችል በላቦራቶር ታውቋል፤ መልእክተኛው ደጃፍ ደርሶ በሩ ተዘግቶበት እንደሚመለስ ማለት ነው።

ይህ ነገር ከገበሬያችን ሩቅ አይደለም። በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ የተባለው ፀረ አረም ሰው ሠራሽ ኦክሲን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተገኝቶ ከጦርነቱ በኋላ በዓለም ሁሉ ተሠራበት። ቅጠለ ሰፊውን አረም ከልክ ባለፈ የዕድገት ትእዛዝ እያጣመመና እያስጨነቀ ሲገድለው፣ ጤፍ ግን የሣር ወገን ስለሆነ ይተርፋል። ሰው በፋብሪካ የሠራው ዘዴ ዕፀዋት በየሥራቸው ከሚሠሩት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። እንግዲህ አሌሎፓቲ የሚባል ነገር የለም የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም።

ዳሩ ግን መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ማሳ ላይ፣ በዚህ ዛፍ ሥር፣ ይህን ሰብል የጎዳው እርሱ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን ያስተማረኝ ላቦራቶር አይደለም፤ የአገር ሽማግሌ ነው።

ጽሑፋችንን ባስረከብን ማግሥት ክረምቱ ገባና ወደ አገሬ ሄድሁ። አጎቴ ከጎረቤቱ ማሳ ወሰን ላይ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ አለው። ጎረቤትየው «ዛፍህ ጤፌን በላው» ብሎ ከሶት ነገሩ በሽማግሌ ተይዞ ደረስሁ። ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ሳሉ አንዱ «ተምሮ የመጣው ልጅ ይናገር» አለ። እኔም ተነሥቼ ስለ ፌኖልና ስለ ሆርሞን፣ ስለ ሳሕኑና ስለ ሞተው ዘር በድፍረት ተናገርሁ። ሥጋዬ የሆነውን አጎቴን ትቼ ለእውነት መመስከሬ ነው ብዬ በልቤ ኮራሁ። ንግግሬን ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ቅጠሉን ወቅጣችሁ ነው የዘፈዘፋችሁት?»

«አዎን፣ አባባ።»

«ማሳው ላይስ ማን ይወቅጠዋል?»

ሰዉ ሳቀ። እርሳቸው ግን ለማሳቅ አልነበረም የጠየቁት። «ደግሞም» አሉ፣ «የረገፈውን ቅጠል ሴቶቹ በየጧቱ ጠርገው ለምጣድ ይወስዱታል። መሬት ላይ የቀረውን ዐይተኸዋል ወይ?» አላየሁትም ነበር። አጎቴ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ማታ ብቻ፣ ራት ስንበላ፣ ለደብተሬና ለመሳፈሪያዬ ሲል ከዚያው ረድፍ በየዓመቱ ስንት ግንድ እንደ ሸጠ በጣቱ ቆጠረልኝ።

ሽማግሌዎቹ ዛፉ ይነቀል አላሉም። በዛፉና በማሳው መካከል ሁለት ክንድ ጥልቀት ያለው ቦይ በሁለቱም ወገን ጉልበት እንዲቆፈር ፈረዱ። ቁፋሮው ግማሽ ላይ ሲደርስ የዘር ጊዜ ስለ ደረሰ ሥራው ቆመ። በኅዳር ለጥቂት ቀን ተመልሼ ጤፉ ሳይታጨድ አየሁት። ቦይ በተቆፈረበት በኩል ያለው ጤፍ ካልተቆፈረበት ይልቅ ረዝሞና ፍሬ ይዞ ቆሟል። ነገር ግን ከዛፎቹ አጠገብ ባለችው የሁለትና የሦስት እርምጃ ስፋት በሁለቱም በኩል ቀጭን ነበር። እንግዲህ አብዛኛውን ጉዳት ያደረሰው ወደ ማሳው የተሻገረው ሥር መሆኑን ቦዩ ተናገረ፤ ሥር ደግሞ በመጀመሪያ የሚሻማው ውሃንና የአፈር ምግብን ነው። የቀረችው የሦስት እርምጃ ነገርስ? ጥላው ይሆን? ከቅጠሉ የሚታጠበው ቅመም ይሆን? ይህን ለመለየት ገና ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ሳያስቡት፣ ግማሹን ቆፍረው ግማሹን በመተዋቸው፣ እኛ በሳሕን ከሠራነው የበለጠ ሙከራ ሠሩ።

ይህን ያህል ስሕተት የኛ የተማሪዎች ብቻ እንዳይመስለን የታላላቆቹንም ታሪክ እናንሣ። በካሊፎርንያ ሽታ ያላቸው የሳልቪያ ቁጥቋጦዎች በበቀሉበት ዙሪያ ሣር የማይበቅልበት ባዶ መሬት እንደ ቀለበት ይታያል። በ1964 ሙለር የተባለው የዕፀዋት ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከቁጥቋጦው የሚተንነው ሽታ የሣሩን ቡቃያ እንደሚያቀጭጭ በላቦራቶር አሳየ። ማስረጃው የተሟላ መስሎ ስለ ታየ ባዶው ቀለበት የአሌሎፓቲ ዋና ምሳሌ ሆኖ በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። በ1970 ግን ባርቶሎሚው የሚባል ሌላ ተመራማሪ እንስሳት እንዳይገቡ በባዶው መሬት ላይ የሽቦ አጥር ሠራ። በአጥሩ ውስጥ ሣሩ በቀለ። ቁጥቋጦውን መሸሸጊያ ያደረጉ አይጦችና ሌሎች እንስሳት ከጥላው ሳይርቁ ዙሪያውን ዘሩንና ቡቃያውን ይበሉት ኖሯል። ቅመሙ አልነበረም ማለት አይደለም፤ አለ። ነገር ግን ለዚያ ባዶ ቀለበት ቅመሙን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ እንደማይቻል አንድ ተራ የሽቦ አጥር ገለጠ።

ወደ ባሕር ዛፋችን እንመለስ። በ1993 ሊሳነወርቅ ንጋቱና አንደርስ ሚከልሰን የፈረንጅ ጥድና የሦስት ዓይነት ባሕር ዛፍ ቅጠል ጭማቂ በሽንብራ፣ በበቆሎ፣ በአተርና በጤፍ ዘር ላይ ያለውን ውጤት አሳትመዋል። ጭማቂው እየወፈረ ሲሄድ የዘሩ መብቀልና የሥሩ ዕድገት እየቀነሰ መሄዱን አሳይተዋል። ይህ ጠቃሚ ሥራ ነው፤ የኛም ሙከራ የእርሱ ታናሽ ወንድም ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ግን «ሊሆን ይችላል» ይላል እንጂ «ሆኗል» አይልም። ወፍራም ጭማቂ ዘርን የሚያግደው በሆርሞን ብቻም አይደለም፤ ጨውና ስኳር እንደ በዛበት ውሃ ዘሩ ውሃ እንዳይጠጣ ሊከለክለው ይችላል። በአፈር ውስጥ ደግሞ ረቂቅ ሕዋሳት ፌኖሉን ይበሉታል፤ ሸክላማውም አፈር ይይዘዋል። በማጣሪያ ወረቀት ላይ ግን የሚበላውም የሚይዘውም የለም።

ነገሩ የትምህርት ቤት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ ነበር። ባሕር ዛፍ በ1890ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገባ። አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ምክንያት ልትለቀቅ ታስቦ ከነበረበት ችግር የወጣችው በእርሱ ነው። ዛሬም ቤት የሚሠራበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ የተማሪ ወጪ የሚሸፈንበት እርሱ ነው። ከእንጦጦ ጋራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያላየ ከመካከላችን የለም። በሌላ በኩል ውሃ መጣጭነቱ ተረት አይደለም፤ የጎረቤትየውም ጤፍ በእውነት ቀጭጯል። በ1997 በትግራይ በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል ተከልክሎ ነበር። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲወጣ ከበስተጀርባው የባለሙያ ቃል ይፈለጋል። ነገ ያን ቃል የሚሰጠው ማን ነው? ከዚህ ግቢ የሚመረቀው ነው። የዛፉ ጥፋት ውሃ መሻማት ከሆነ መድኃኒቱ ቦይና ርቀት ነው። ጥላ ከሆነ የረድፉን አቅጣጫ ማስተካከልና መመልመል ነው። የቅጠሉ ቅመም ከሆነ ቅጠሉን መጥረግ፣ ወይም ቅመሙን የሚችል ሰብል መዝራት ነው። በሽታውን ሳይለይ «ንቀል» የሚል ሐኪም ገበሬውን ከሁለት አንዱን ያሳጣዋል፤ ወይ እንጨቱን ወይ እምነቱን።

የዕፀዋት ኬሚካል ትምህርት ከማሳ ጋር ሲገናኝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ አቀንጭራ ይመስክር። የማሽላ ሥር ስትሪጎላክቶን የሚባሉ ቅመሞች ወደ አፈር ይለቃል፤ እነዚህም በ2008 እንደ ታወቀው የተክሉ የራሱ ሆርሞኖች ናቸው፣ የቅርንጫፉንም ብዛት ይወስናሉ። ሥሩን የሚረዱትን የአፈር ፈንገሶች የሚጠራውም በእነርሱ ነው። አቀንጭራ ግን ጥሪውን ሰምታ ትነቃለች፤ ከሥሩም ተጣብቃ ትመጠዋለች። ከቀድሞው የዓለማያ ኮሌጅ ተመርቀው የወጡት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ይህን የኬሚካል ጥሪ በላቦራቶር አጥንተው፣ ጥሪያቸው ደካማ የሆነውን ማሽሎች መርጠውና አዳቅለው አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር ለአፍሪካ ገበሬ አደረሱ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸው ስለዚህ ሥራ ነው። ሳሕኑን አልናቁትም፤ ነገር ግን በሳሕኑ አላበቁም።

እንግዲህ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፤ የቅጠል ጭማቂ ሙከራ ስንሠራ ከንጹሕ ውሃ ሌላ፣ ውፍረቱና ኮምጣጣነቱ ከጭማቂው ጋር እኩል የሆነ፣ ቅመሙ ግን የሌለበት ሌላ ውሃ ለማነጻጸሪያ ይኑረን። ቅጠሉንም ከመውቀጥ ይልቅ ዝናብ ከዛፉ ሥር የሚያወርደውን ውሃ ራሱን በጣሳ እናጠራቅም።

ሁለተኛ፤ ዘሩ በማጣሪያ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ከማሳው በመጣ አፈር፣ ከነነፍሱ፣ ይዘራ። በአንዱ መደብ ላይ ቅመም የሚመጥጥ የከሰል ዱቄት ቢጨመርና ሰብሉ ቢያገግም ጥርጣሬያችን ይጠነክራል። ከሰሉ የአፈሩንም ምግብ ሊለውጥ ስለሚችል ዛፍ በሌለበት አፈር ላይም አብሮ ይሞከር።

ሦስተኛ፤ ይህም ዋናው ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራበት ጊዜ ከእርሻው ጊዜ ጋር ይታረቅ። የትምህርቱ ዓመት ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ክረምት ሲገባ ነው፤ ጤፍ የሚዘራው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። ማሳው ሥራ ሲጀምር እኛ ደብተር እንዘጋለን። ሳሕን የምንወደው ሰነፎች ስለሆንን ብቻ አይደለም፤ ሳሕን በአንድ ሳምንት መልስ ይሰጣል፤ ማሳ ግን እስከ ኅዳር ያስጠብቃል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በክረምት ወደ ገጠር እንሄዳለን። ሦስተኛ ዓመቱን የጨረሰ ተማሪ የሙከራውን አሳብ በመምህሩ አጸድቆ፣ ሜትርና መዝገብ ይዞ ቢሄድ፣ አራተኛው ዓመት ሲጀመር የማሳ ውጤት ይዞ ይመለስ ነበር። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቦይ ለመቆፈር ዶማ ይበቃል።

አራተኛ፤ «ጉዳት አላገኘሁም» የሚል ጽሑፍ እንደ ውድቀት አይቆጠር። መምህራኖቻችን ሆይ፣ የሞተ ዘር ያሳየ ተማሪ ማርክ ሲያገኝ፣ በሕይወት ያለ ዘር ያሳየው ደግሞ «ሙከራህ አልሠራም» እየተባለ ከተመለሰ፣ ከዚህ ግቢ የሚወጣው ሁሉ የዛፍ ከሳሽ ብቻ ይሆናል።

«ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሥራ ያዘገያል፤ አገር ደግሞ ይቸኩላል» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፣ ይቸኩላል። ግን የተነቀለ ረድፍ እንደገና ለሽያጭ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቀው ተከሉት ነው፤ እኛ የምንለምነው አንድ ክረምት ብቻ ነው። አባቶቻችንም ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ብለዋል።

በመጪው ክረምት እኔ ወደ አጎቴ ማሳ እመለሳለሁ። ያልተቆፈረው ግማሽ ቦይ እንዳለ ይቆይልኝ ብዬ አጎቴንና ጎረቤቱን ለምኜ ፈቅደውልኛል። ከዛፎቹ አጠገብ ያለችውን ያችን የሦስት እርምጃ መሬት በሦስት ከፍዬ፣ በአንዱ ቅጠሉ በየዕለቱ እንዲጠረግ፣ በአንዱ እንዳለ እንዲተው፣ በአንዱም ላይ የዛፉ የታች ቅርንጫፍ እንዲመለመል አደርጋለሁ። የሚገኘውን ውጤት፣ ዛፉን የሚያስከስስም ቢሆን ነጻ የሚያወጣውም ቢሆን፣ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ለማቅረብ ቃል እገባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለእኒያ ሽማግሌ ነው የምነግራቸው፤ ጥያቄው የእርሳቸው ነውና።